የኢድሪስ ቅንድብ

ባሕር ሥር የተጣሉት አሮጌ ቦምቦች ዝገው ባሩዳቸው ውሃው ውስጥ ከሟሟ ወዲህ፣ የከተማዋ ዛጎል እሳት ላይ ሲጣድ ይፈነዳል። ሥጋው ግን እንደ ድሮው ስለሚጣፍጥ ሰዉ ዛጎሉን መብላት አልተወም፤ የተወው ፍንዳታው የሚለበልበውን ቅንድቡን ነው። አዋቂ ሁሉ በኩል የተሳለ ቅንድብ ይዞ ይወጣል። የዘሃራ አባት ሐመዱ፣ ትስልላቸው የነበረችው ሚስታቸው ከሞተች ጀምሮ አንዱን ከሌላው ከፍ አድርገው ስለሚስሉት ሁልጊዜ የተገረሙ ይመስላሉ።

ዛሬ የጀልባ መካኒኩ ኢድሪስ ዘሃራን ለትዳር ሊጠይቅ መጥቷል። በዚህ ከተማ ደግሞ ዛጎል ቀቅሎ ለማያውቅ ሰው ሴት ልጁን የሚድር የለም።

«ወጥ ቤት ገብተህ ታውቃለህ?» አሉት ሐመዱ።

«በየቀኑ እቀቅላለሁ፣ አባባ።»

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ቅንድቡን ጠረጉት። ኩል አልወጣም። ደግመው ጠረጉት። ዘሃራ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«የራስህ ነው እንዴ?»

«የራሴ ነው» አለ ኢድሪስ አንገቱን ደፍቶ።

«ወይ ድፍረት! ይህን የሚያህል ቅንድብ ይዘህ ነው የምታወራልኝ?»

ኢድሪስ ተነስቶ ወጥ ቤት ገባ።

«ረጅሙን ጭልፋ ያዝ! ከግድግዳው ኋላ ሁን!» ብላ ጮኸች ዘሃራ በበሩ እያየችው። እሱ ግን እንደ ጀማሪ ሁሉ፣ መብሰሉን ሊያይ ድስቱ ላይ አጎነበሰ።

ዷ!

ሳህኑን ይዞ ሲወጣ ግንባሩ እንደ እንቁላል ለስልሷል፤ ቤቱ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ሐመዱ አንድ ቀመሱ። ከዚያ የሚስታቸውን የኩል ብልቃጥ ከኪሳቸው አውጥተው ለልጃቸው ሰጧት።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ። «በይ ሳዪለት። እኩል አድርጊው፤ እንደኔ ዕድሜውን ሙሉ ሲገረም እንዳይኖር።»