እጅጌ እንዴት ይገጠማል?

«ቦርጭ ማጥፊያ» ብላ ትጽፋለች ልጄ። ኮምፒውተሩ ጥቂት ያስባል፣ ከዚያ ስንት ሰው እንደፈለገው፣ ስንት ሰው እንደጻፈበት ቁጥሩን ይዘረግፋል። ልጄ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«ፈላጊውስ የትየለሌ ነው። ጸሐፊውም እንደዚያው። እዚህ መግቢያ የለንም።»

«የአባትሽን ሆድ ያየም አይገዛሽም» እላታለሁ።

ባለቤቴ አጠገቧ ተቀምጦ ሆዱን መታ መታ ያደርጋል። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከጎኑ ቁልፍ ተካይና ዘምዛሚ። አሁንም የጎረቤት ቀሚስ ጭኔ ላይ አድርጌ ጠርዙን እዘመዝማለሁ።

ልጄ የምትሠራበት ቢሮ ከተዘጋ ወዲህ ያላንኳኳችው በር የለም። በመጨረሻ ኢ-ቡክ የሚባል ነገር ሰምታ መጣች። በስልክ የሚነበብ መጽሐፍ ነው፤ አንዴ ይጻፋል፣ ሁልጊዜ ይሸጣል አሉ። ለመጻፍ ግን ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ቤታችን ውስጥ ገዢ የሚያገኝ ዕቃ አንድ ብቻ ነበር፤ በእግር የምትረገጠው የስፌት መኪና። አባቷ «ዓይኔም ደክሟል፣ የመርፌ ቀዳዳ አይታየኝም» ብሎ ራሱ አውጥቶ ሸጣት። ውሸቱን ነው። ለዚህ ቀሚስ ክሩን በመርፌው ያስገባልኝ እሱ ነው።

ኮምፒውተሩን ያስቀመጥነው መኪናዋ ትቆምበት ከነበረው መስኮት ሥር ነው። የቤቱ ብርሃን ያለው እዚያ ብቻ ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ» ይላል ባለቤቴ። «ይኼ መጽሐፍ ግን ወረቀትም የለው። በምኑ ይያዛል?»

«አባዬ ሙት፣ አትቀልድ! ዘዴው እኮ ቀላል ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው፣ ጥቂት ሰው የመለሰው ነገር መፈለግ። እሱን ካገኘን መጽሐፉ ይሸጣል፣ መኪናህንም እንመልሳለን።»

ባለቤቴ እኔን ያየኛል፤ እኔ ቀሚሱን አያለሁ። መኪናዋን የገዛው ሰው ጭኗት ወደ ሩቅ አገር እንደሄደ ሁለታችንም ሰምተናል። ለልጃችን ግን እንዴት ብለን እንንገራት?

«የሰመረ ትዳር» ብላ ትጽፋለች።

«ለእሱ እናትሽን ጠይቂ። ከእኔ ጋር ኖራ ያላበደች ሴት ናት።»

«አላበድኩም ያለህ ማነው?»

እንስቃለን፤ ልጄም ሳትወድ ትስቃለች። ትዳሩም ጸሐፊ በዝቶበት ኖሯል። አበባ ማሳደግ ትሞክራለች፣ ፈላጊ የለውም። ሕፃን ማስተኛት ትሞክራለች፣ እሱን ደግሞ ሐኪሞች ይዘውታል። እየቆየች ትከሻዋ ዝቅ ዝቅ ይላል። ከሥራ የወጣች ቀን እንደዚህ ነበር ትከሻዋ።

ድንገት ቀና ትላለች።

«እማዬ! አባዬ! እጅጌ! ሰው የስፌት መኪና እየገዛ እቤቱ ስፌት መማር ጀምሯል፤ እጅጌው ጋ ሲደርስ እየተሸበሸበ አስቸግሮታል። እዩት፣ ይጠይቃል፣ ይጠይቃል፤ በእኛ ቋንቋ የመለሰለት የለም!» ወንበሯን ወደ አባቷ ታዞራለች። «ካንተ በላይ ማን ያውቃል? አንተ ንገረኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ባለቤቴ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ እንደ ሙሽራ አባት ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እኔም መርፌዬን አቆማለሁ።

«እንግዲህ ጻፊ። እጅጌው ከሚገባበት የብብት ቀዳዳ በትንሹ ይበልጣል። ትርፉ ሳይሸበሸብ መግባት አለበት።»

ጣቶቿ ይሮጣሉ። «እሺ፣ እንዴት ነው የሚገባው?»

«ታለማምጂዋለሽ።»

«ምኑን?»

«ጨርቁን ነዋ። ቀስ አድርገሽ ስታለማምጂው መኪናዋ ራሷ ትውጠዋለች።»

«አባዬ፣ አንባቢው እኮ አንተን አያይህም። በየትኛው እጅህ ነው የምትገፋው?»

ባለቤቴ ሁለት እጆቹን ያነሳል። ቀኙ አየር ላይ ትንሽ ይገፋና ይቆማል። ግራው ይጀምራል፤ እሱም ይቆማል። የሰው እጅ የተዋሰ ይመስል አገላብጦ ያያቸዋል።

«በቀኝ... ቆይ። አይ፣ በግራ እይዝና...»

ወደ እኔ ይዞራል። እኔ ደግሞ ዘመኔን ሁሉ ከጎኑ ተቀምጬ ሳይ የኖርኩት የራሴን ቁልፍ ነው።

«አይዞህ፣ ቀስ ብለህ አስበው» ትለዋለች ልጃችን።

«በማሰብ አይሆንም፣ ልጄ። እግሬ ሲረግጥ እጄ ያውቀዋል። እስቲ መኪናዋን አቅርቢልኝና...»

እጆቹን ቶሎ ያወርዳል። ከአፍ የወጣ ቃል ደግሞ አይመለስም።

ልጄ ቀና አትልም። እጆቿን ከፊደሎቹ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ ታስቀምጣቸዋለች፤ ጥቂት ቆይታ ትመልሳቸዋለች።

«ሌላ ርዕስ እንፈልግ» ትላለች ቅጥን ባለ ድምፅ።

«አዎ፣ አዎ፣ ሌላ ይሻላል!» ይላል እሱ ተጣድፎ። «ያ የቦርጩ እንዴት ነበር?»

ልጄ የጻፈችውን መሰረዝ ትጀምራለች፤ አንድ በአንድ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የእኔ መርፌ ደግሞ ከእጄ ያመልጣል። ልፈልገው ጎንበስ እላለሁ።

ጠረጴዛው ሥር የባለቤቴ እግሮች አርፈው አልተቀመጡም። ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት፤ እጅጌ ላይ ሲደርስ እንደሚያደርገው ፍጥነታቸውን ቀንሰው፣ ባዶውን ሲሚንቶ ይረግጣሉ።