ጠብ ያላለው ቱቦ

ቶርኪል ቦዩ ውስጥ ተንበርክኮ፣ ከእርሻው ሥር በተቀበረው የውሃ መውረጃ ቱቦ ውስጥ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተ። ከላይ የካሮት ማሳው ውሃ ካቆረ አምስት ቀኑ ነበር፤ ከቱቦው አፍ ግን ጠብታ እንኳ አልወጣም። በሽቦ ጎርጉሮታል፣ በግፊት ውሃ አጥቦታል፣ የቀበሩትንም ሰዎች ሰድቧል። አሁንም ባዶ እጁን አወጣና ቱቦውን በቡጢ መታው።

«እሱ ምን አደረገህ? ውሃው መቼ ደረሰለትና!» አለችው ሚስቱ ጉድሩን ከቦዩ አፋፍ ላይ ሆና፤ ከማሳው የነቀለችውን ካሮትም ወረወረችለት። ካሮቱ አንድ ስንዝር ወደ ታች ወርዶ፣ ድንጋይ እንደገጠመው ሁሉ ወደ ጎን ታጥፎ ነበር። ያ መሬት ደግሞ ድሮ ደለል የተኛበት የባሕር ወለል ስለነበር ጠጠር እንኳ አይገኝበትም። ቶርኪል አካፋውን ይዞ ወጣና በንዴት ቆፈረ። ስንዝር ያህል እንደወረደ አካፋው ቋ ብሎ ቆመ። ከላይ ጭቃ ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ግን እንደ ሲሚንቶ ተጠቅጥቋል። ባለፈው መኸር ያንን ግዙፍ ትራክተር በዝናብ ወደራሰው ማሳ ሲያስገባ፣ ጉድሩን «ኧረ ትንሽ ይድረቅ!» ብላው ነበር። እሱም «አንቺ ደግሞ!» ብሏት ነበር።

«እሰብረዋለሁ! አሁኑኑ ማረሻውን አጥልቄ ነው የምገለብጠው!» አለና አካፋውን ወርውሮ፣ በጭቃው እየተንቦጫረቀ ወደ ትራክተሩ ገሰገሰ። ዘሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጁን ሲሰድ ቁልፉ የለም።

ዞር ብሎ አያት። ጉድሩን የካፖርቷን ኪስ በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ኧረ ትንሽ ይድረቅ» አለችው።