ያኮረፈ ሰው የማትጭን መኪና

አቶ ወንድይፍራው አሮጌዋን ቪትዝ ሸጠው አዲስ መኪና ሲገዙ ሚስታቸውን አላማከሩም። በዚያ ላይ አዲሶቹ መኪኖች ያኮረፈ ሰው ጭነው እንዳይንቀሳቀሱ በአዋጅ ተከልክለዋል። ወይዘሮ አስካለ ገና ገብተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ሲያዞሩ መኪናዋ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ኩርፊያ ስላለ መሄድ አልችልም» አለች።

«አስካለ፣ በሞቴ! የእህትሽ ልጅና ባሏ ተኳርፈው እየጠበቁን ነው። አስታራቂ እንዴት ይቀራል?»

«እኔ ምን አልኩ? ምንም አልሆንኩም።»

«ይህ ኩርፊያ ነው» አለች መኪናዋ።

ወይዘሮ አስካለ ቱግ አሉ። «ቪትዟ ነፍሷን ይማርና፣ በሯ በገመድ ታስሮም ቢሆን ከነኩርፊያችን አፏን ዘግታ ታደርሰን ነበር!»

«ዳገት ላይ እየቆመች ስታስገፋንስ?»

«ብታስገፋንስ? ከገፋን በኋላ ተኳርፈን ገብተን እናውቃለን?»

እውነቷን ነው። አቶ ወንድይፍራው ኮታቸውን አውልቀው ወረዱና ከኋላ ቆሙ። «በይ ነይ፣ እንግፋት።»

ጎን ለጎን ሆነው ገፉ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። የተንቀሳቀሰው የአቶ ወንድይፍራው ሱሪ ብቻ ነበር፤ ከኋላው ቷ ብሎ ተተረተረ። ወይዘሮ አስካለ መኪናዋን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ባልየውም ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው አብረው ሳቁ።

«ኩርፊያው አልቋል» አለች መኪናዋ። «እባክዎ ይግቡ፣ እንሂድ።»

«አንቺ ዝም በይ!» አሉ ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አደግድገው እንደገና እየገፉ። «በባልና ሚስት መሀል አትግቢ!»