የሊና መብራት

ሀጀርና ሊና ያደጉት ገርጂ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ብሎክ ላይ ነው። ኮሌጅም አብረው ገቡ። ለጥናት ሐሳባቸው አልሰበሰብ ሲላቸው ሊና የጥናት አፕ አግኝታ በሁለታቸውም ስልክ ላይ ጫነችው። አፑ የዕለቱን እቅድ ያስሞላል፣ ሰዓት ይይዛል፤ አንዷ «ጀምር» የሚለውን ስትነካ በሌላዋ ስልክ ላይ ከስሟ ጎን አረንጓዴ መብራት ይበራል።

«መብራቴን አይተሽ ዝም ካልሽ ወዮልሽ!» ትላት ነበር ሊና።

ሀጀርም ዝም ብላ አታውቅም።

ክረምት ሊገባ ሲል ሊናን መገናኛ መንገድ ላይ መኪና ገጫት። አልተረፈችም።

ሐዘኑ ገና ሳይበርድ፣ አንድ ቀን ወደ አመሻሹ ላይ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ የሊና መብራት በራ።

ሀጀር ስልኳን አልጋው ላይ ወረወረችው። በማግስቱም በራ። ሌላ ቀን «ጀምር»ን ነካች። የሊና መብራት ሳይጠፋ ቆየ። ከዚያ ወዲህ እየፈራችም፣ እየናፈቀችም፣ መብራቱ ሲበራ የራሷን ታበራለች፤ እስኪጠፋ ከደብተሯ አትነሳም። ውጤቷ ከፍ አለ። እንቅልፏ ግን ጠፋ።

በመጨረሻ የሊናን ወንድም ሐሩንን ታክሲ ተራ አግኝታ ጠየቀችው።

«የሊና ስልክ የት ገባ?»

«እኛም ፈልገን አጣነው። አደጋው ቦታ ያነሳው ሰው ይኖራል» አለና ፊቱን አዞረ።

ፊቱን ማዞሩ አልጣማት። እሱ ይሆን የሚጫወትባት? ወይስ ሌባ? ከሁለቱ ሌላ ማን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አልፈለገችም።

በማግስቱ መብራቱ እንደበራ፣ የራሷን ሳትነካ ደረጃውን ወጣች። የእነሊና በር ገርበብ ብሏል። የሊና እናት ወይዘሮ ነኢማ የልጃቸው አልጋ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ስልኩ በሁለት እጃቸው መሀል ነው።

«እትዬ ነኢማ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ደንግጠው ስልኩን ሻርፓቸው ስር ሸጎጡት።

«ለሐሩን እንዳትነግሪብኝ ልጄ፤ ታብዳለች ብሎ ይወስድብኛል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይቺን መንካት ብቻ ነው የማውቀው።»

ሀጀር አጠገባቸው ተቀመጠች። ስልኩን መልሰው አወጡት። ከላይ ከሊና ስም ጎን ያለው መብራት በርቷል። ከታች የሀጀር ስም አለ፤ መብራቱ ጨልሟል። ወይዘሮ ነኢማ ዓይናቸውን ከሱ አልነቀሉም።

«ዛሬስ ዘገየብኝ» አሉ በሹክሹክታ።

ሀጀር ስልኳን ከጀርባዋ ደብቃ «ጀምር»ን ነካች።

የታችኛው መብራት በራ፤ የወይዘሮ ነኢማ ፊትም አብሮ በራ። «አየሽልኝ? ስጠራት ሁሌም እንዲህ ነው፤ ሊናዬ ትመልስልኛለች።»