የታረቁት

በዚያ ዘመን ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ መጥራት ቀርቶ ነበር። ልክ እንደ ባልየው የሚያስብ አንድ ኮምፒውተር፣ ልክ እንደ ሚስትየው የሚያስብ ሌላ ኮምፒውተር እየተከራከሩ ጠቡን ይፈቱታል።

ወይንሸት ከሥራ ስትገባ ባሏ ደምሰው ራት እያቀረበ ነበር።

«ታርቀናል እኮ» አላት ደስ ብሎት።

«ማን ነው ይቅርታ የጠየቀው?»

«እኔ ነኝ አሉ። እንዲያውም አልቅሻለሁ።»

ወይንሸት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቀረች። ደምሰው ሲያለቅስ አንድም ቀን አይታው አታውቅም።

«ምን ብለህ አለቀስክ?»

ግራ ገባውና የራሱን ኮምፒውተር ጠየቀው።

«እሱማ» አለ ኮምፒውተሩ በደምሰው ድምፅ፣ «የእኔና የባለቤቴ ምስጢር ነው።»

የቀረበው ወጥ ቀዘቀዘ።

በመጨረሻ ወይንሸት ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«በል እንደ አዲስ እንጣላ» አለችው፤ «አሁን ግን ራሳችን።»