ከመርፌው ጎን ያለች ራይት

«አባዬ፣ ቆይ! እንዳትወጋት!»

ቦርሳዋን በሩ ላይ ጥላ ዘው አለች። አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ በግራ እጁ የእናቷን ክንድ ይዞ፣ በቀኙ የኢንሱሊኑን መርፌ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ መጠኑን እያየ ነበር።

«ምን ሆነሻል? ልቤ ቀጥ አለች እኮ!»

«ወግተሃታል! ወረቀቱ ላይ ራይት አድርገሃል!»

ወረቀቱ ከአልጋው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የእሷ ሥራ ነው። ዝርዝር ካልጻፈች ቀኑ የማይነጋላት ሰው ናት፤ ወንድሟ «ይህቺ ልጅ ትንፋሿንም ጽፋ ነው የምትተነፍሰው» እያለ ይስቅባታል። እናቷ ስኳር ይዟት አልጋ ስትይዝ፣ ጡረታ የወጣው ልብስ ሰፊ አባቷ ብቻውን ሲያስታምም እንዳይደናገር ብላ፣ የየቀኑን ሥራ በትልልቅ ፊደል ጻፈችለት። ጠዋት መርፌ፣ ቀጥሎ ቁርስ፣ ከዚያ እግሯን ማሸት። ሐሙስ ከሚለው ሥር፣ ከመርፌም ከቁርስም ጎን ራይት አለ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

«እሱማ ልጀምር ነው ማለት ነው» አለ አባቷ። «እኔ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ምልክት የማደርገው ልቆርጠው ስል ነው። ተሰፍቶ ያለቀ ኮት ላይ ማን ጠመኔ ይጭራል?»

«ቁርስ በልታለች?»

«ሾርባው ገና እሳት ላይ ነው።»

አንገቷን ወደ ማእድ ቤቱ መለስ አደረገች። እውነቱን ነው፤ ድስቱ ይንተከተካል፣ ሳህኑም እንደ ታጠበ ተደፍቷል። ራይቱ ግን አለ። ታዲያ መርፌውም እንደዚሁ ቢሆንስ? ካልተወጋች መወጋት አለባት። ተወግታ ከሆነ ደግሞ፣ በባዶ ሆዷ ሁለተኛ መርፌ ይገድላታል። ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያስወጣቸው ዓይን ዓይኗን እያየ የነገራት ይህንኑ ነበር።

«እማዬ! እማዬ፣ ዛሬ ወግቶሻል?»

እናቷ ዓይኗን በግድ ከፈተች። «ይወጋኛል እንግዲህ… አርባ ዓመት በነገር ሲወጋኝ አይደል የኖረው» አለችና መልሳ ከደነችው። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«እንለካት። መለኪያው የታለ?»

«መለኪያው እዚያው አለ፤ ወረቀቱ ነው ያለቀው። ገዛሁ አላልሽኝም?»

ማስታወሻ ደብተሯን ከኪሷ አወጣች። ማክሰኞ፣ የስኳር መለኪያ ወረቀት መግዛት። ራይት። ፊቷ ጋለ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ተሰልፋ፣ ተራዋ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀር፣ መቼም ገዛሁት ብላ ራይቷን አድርጋ ነበር። ከዚያ ከመሥሪያ ቤት ተደወለ፤ ወጣች። ወረቀቱን ግን አልገዛችም። እሷም ያው የአባቷ ልጅ ናት።

«በይ ዞር በይልኝ፣ ሰዓቱ እያለፈ ነው» አለ አባቷ፣ መርፌውን ዝቅ አድርጎ።

የእጁን አንጓ ያዘችው። በዕድሜዋ የአባቷን እጅ እንዲህ ይዛ አታውቅም። እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ያስፈራትም ይኸው ነው።

ያኔ ነው ዓይኗ ራስጌው ላይ ካለው የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ያረፈው። አባቷ በሥራ ዘመኑ መርፌዎቹን ሳይቆጥር ለደንበኛ ልብስ አስረክቦ አያውቅም፤ አንዲት መርፌ ከጎደለች ሱቁ ተዘግቶ ትፈለጋለች። ያ ልማድ አልለቀቀውም። የተወጋባቸውን መርፌዎች ክዳናቸውን ገጥሞ፣ ከሰኞ እየጀመረ፣ ለየሳምንቱ አንድ ረድፍ አድርጎ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ይደረድራቸዋል።

ክዳኑን ከፍታ ፊቱ አስቀመጠችለት። «ቁጠራቸው።»

«ምኑን ነው የምቆጥረው?»

«የዚህን ሳምንት። በናትህ፣ አባዬ።»

ጣቱን ሰደደ። «ሰኞ… ማክሰኞ… ረቡዕ…»

ጣቱ አራተኛው ላይ ደርሶ ቀረ። በዚያ መርፌ ውስጥ የቀረችው ጠብታ ገና አልደረቀችም።

ተወግታለች፤ በባዶ ሆዷም ስኳሯ እየወረደ ነው። ማእድ ቤት ገብታ ውሃ ውስጥ ስኳር በማንኪያ ሳይሆን በእፍኝ ጨመረች፤ እናቷን ደረቷ ላይ አስደግፋ በትንሽ በትንሹ አጠጣቻት። አንድ ብርጭቆ አለቀ። ሁለተኛው ተጋመሰ። በመጨረሻ እናቷ ከንፈሯን ላስ አደረገችና፣

«ስኳር አለብሽ ለተባለች ሴት… ይህን ሁሉ ስኳር?» አለች።

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ወደ እንባ ሊዞርባት ሲል ያዝ አደረገችው። ሾርባውን አምጥታ ማብላት ጀመረች።

አባቷ ከተቀመጠበት አልተነሳም። የተሞላው መርፌ አሁንም እጁ ላይ ነው።

«አልዋሸሁሽም» አለ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ወግቻት፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ በረድፉ አስቀምጬ…» ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። «የለም። ጭንቅላቴ ውስጥ የለም። ያንን የጠመኔ ወሬ ያወራሁትም ላንቺ ብቻ አይደለም፣ ለራሴም ነው።»

እጇ እንደ ልማዱ ደብተሯን ገለጠ። «አባዬን» ብላ ጻፈችና ቆመች፤ ቃሉን በመዳፏ ሸፈነችው። እሱ ግን አይቶታል።

«ጨርሺው እንጂ» አለ ቀስ ብሎ። «ሐኪም ቤት መውሰድ፣ በይ።»

ጻፈችው። ፊደሉ ተንጋደደባት።

«ራይቷን ግን ሳንሄድ እንዳታደርጊያት። ስንመለስ ነው።»

«ስንመለስ» አለች።

የመርፌውን ክዳን ገጠመ። ወደ ቆርቆሮው እጁን ዘረጋና ረድፉን አየው፤ ከአራተኛው ቀጥሎ ያለው ቦታ የነገ ነው። እጁን መለሰ፤ ያልተወጋውን መርፌ ለእሷ ሰጣት።