ወፍራሙ ሽቦ

መክሊት ሁለተኛውን ወፍራም የመዳብ ሽቦ ከመጀመሪያው እኩል ቆርጣ ከስፒከሩ ጋር ስታስር፣ መምህር ዝናቡ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ሰቆጣ ውስጥ ቴፕና ሬዲዮ በመጠገን የታወቀች ሴት ናት። እሱ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ እህቱ ድሮ ፃግብጂ ገጠር ሳሉ በካሴት የቀዳችው፣ ሟች እናቱ በኽምጥኛ ቋንቋ ያዜሙት እሹሩሩ የራሳቸውን ድምፅ እንዲመስልለት። እናቱ እስከዚያ ቀን ከጣሳ ውስጥ የሚጣሩ ነበር የሚመስሉት።

"ጥፋቱ የቀጭኑ ሽቦ ነው ጋሼ፤ ወፍራም ድምፅ አያሳልፍልዎትም" አለችው። "ይኸኛው ምንም አይጨምርም፤ ያለውን ሳያጎድል ያሳልፋል እንጂ።"

ቴፑን ከፈተችው። እናቱ በስንኙ መሐል የሚስቡት ትንፋሽ እንኳ ተሰማ፤ እዚያው አጠገቡ የተቀመጡ ያህል። ዝናቡ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ከእሳቸው ድምፅ ሥር አንድ የወንድ ጉርምርምታ ተነሣ፤ ዝግ ብሎ ዜማውን ይከተላል።

"ሌላ ሰው አለ እንዴ?" አለች መክሊት፣ እጇን ወደ ቴፑ እየሰደደች። "ላስተካክለው?"

"ተዪው" አላት። "አባቴ ናቸው።"

አባቱ ቁጡ ገበሬ ነበሩ። ሲያዜሙ ሰምቷቸው አያውቅም፤ ከሞቱ ወዲህ ድምፃቸውም የትም አልቀረም ብሎ ተስፋ ከቆረጠ ቆይቷል። ዝናቡ፣ አባቱ ከእርሻ ሲገቡ ያደርግ እንደነበረው፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ቆመ። መክሊትም ፒንሳዋን አስቀምጣ አብራው ተነሣች፤ እሹሩሩው እስኪያልቅ ሁለቱም አልተቀመጡም።